መልማዩን ያስከበረው ዐይኑ አይደለም

ሜይ 30 ቀን 1984፣ ሮም። ሊቨርፑልና ሮማ በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ያውም በሮማ በራሱ ሜዳ፣ 120 ደቂቃ ተጫውተው አንድ ለአንድ ጨርሰዋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሊቨርፑል የመጀመሪያውን የመለያ ምት ለመምታት የመጣው ተቀይሮ የገባው የ22 ዓመቱ ስቲቭ ኒኮል ነበር፤ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ሁለተኛው መቺ ፊል ኒል አገባ፤ በመደበኛው ሰዓት የሊቨርፑልን ብቸኛ ጎል ያስቆጠረውም እሱው ነው። ከሮማ በኩል ብሩኖ ኮንቲ ሳተ። አምበሉ ግሬም ሱነስ አገባ፤ ኢያን ረሽም አገባ። ግብ ጠባቂው ብሩስ ግሮበላር መስመሩ ላይ ጉልበቱን እያብረከረከ ሲያሾፍበት ፍራንቼስኮ ግራዚያኒም ወደ ላይ ላካት። አምስተኛውን አላን ኬኔዲ አስቆጠረና ሊቨርፑል ዋንጫውን ለአራተኛ ጊዜ ወሰደ። ከአምስቱ መቺዎች ሦስቱን ልብ እንበል። ኒኮል የመጣው ከስኮትላንዱ አይር ዩናይትድ ነው። ኒል የመጣው ከእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን፣ ከኖርዝሃምፕተን ታውን ነው። ረሽ ከቼስተር። በዚያ ምሽት ከተሰለፉት ውስጥ አላን ሀንሰን ከፓርቲክ ቲስል፣ ሮኒ ዊላን ደግሞ ከደብሊኑ ሆም ፋርም የተገኙ ናቸው። አምስቱም ሊቨርፑል የደረሱት ጄፍ ትዌንቲማን የክለቡ ዋና መልማይ በነበረባቸው ዓመታት ነው።

ትዌንቲማን ማን እንደነበር ዛሬ የሊቨርፑልን ማልያ ለብሶ የሚውለው ደጋፊ እንኳ በአብዛኛው አያውቅም። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ሲያወድሱት ወደ አንድ ነገር ይቸኩላሉ፦ ዐይን ነበረው ይላሉ። ሙገሳው ከልብ ነው፤ ግን ሰውየውን ከፍ ያደረገ መስሎ ሥራውን ይሸፍናል። ዐይን ከተፈጥሮ የሚሰጥ ነገር ነው ከተባለ የሚያሠለጥነው፣ የሚከፍልበት፣ የሚያቆየውም አያስፈልግም፤ አንዱ ይታደለዋል፣ ሌላው አይታደለውም፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። የዚህ ሰው ታሪክ የሚያሳየው ምልመላ ተሰጥኦ ከመሆኑ በፊት ልማድ መሆኑን ነው፤ ደጋግሞ የመሄድ፣ ያዩትን የመጻፍ፣ ፈርደውም ፍርድን የመከለስ ልማድ። ልማዱም ፍሬ የሚያፈራው የሚታገሥ ክለብ ሲኖር ብቻ ነው።

ከተጫዋችነቱ እንጀምር። ትዌንቲማን የተወለደው በ1930 በሰሜን እንግሊዝ፣ በካርላይል አቅራቢያ በምትገኘው ብራምፕተን ነው። በካርላይል ዩናይትድ፣ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሰሜን ምድብ፣ በተከላካይነትና በኋላ አማካይነት ተጫወተ፤ ከአሠልጣኞቹ አንዱ ያኔ ገና ስም ያላወጣው ቢል ሻንክሊ ነበር። በዲሴምበር 1953 ሊቨርፑል ገዛው። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ትልቅ ዕድል ገጠመው ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ሊቨርፑል በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ ትዌንቲማን በክለቡ በቆየባቸው ዓመታትም ሳይመለስ ቀረ። ከ180 በላይ ጨዋታ አድርጎ፣ አንድም ትልቅ ዋንጫ ሳያነሣ፣ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜም ሳይጠራ በ1959 ለቀቀ። ሻንክሊ የሊቨርፑል ሜዳ ወደ ሆነው አንፊልድ የደረሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው፤ ሁለቱ ሊቨርፑል ላይ በተጫዋችነትና በአሠልጣኝነት ተላለፉ። ትዌንቲማን ወደ ሰሜን አየርላንድ ተሻግሮ የባሊሚና ዩናይትድ ተጫዋችና አሠልጣኝ ሆነ፤ ወደ ካርላይል ተመለሰ፤ ከዚያ ትንንሽ ክለቦችን ማሠልጠን ያዘ። በ1965 በሃርትልፑልስ ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ፤ የተካው ገና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ብራያን ክላፍ ነው። በ1967 ሻንክሊ ጠርቶ የሊቨርፑል ዋና መልማይ አደረገው።

ይህ የሕይወት ታሪክ ከላይ ሲታይ የመካከለኛ ሰው ታሪክ ነው። ለመልማይነት ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም ባይ ነኝ። ታላቅ ተጫዋች የነበረ ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱን ችሎታ ከተፈጥሮ ያገኘው ስለሆነ ከሌላው የጎደለውን ነገር በስም ሊጠራው ይቸግረዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዲቪዚዮን ጭቃ ላይ ዓመታት የፈጀ ተከላካይ ግን በአንደኛ ዲቪዚዮን ተጫዋችና ከእሱ በታች ባለው መካከል ያለችውን ቀጭን ልዩነት በየሳምንቱ በገዛ እግሩ ለክቷታል። ኳሷ ከመድረሷ በፊት ዞር ብሎ ማየት፣ አንድ ጊዜ ከተሸወዱ በኋላ በቀጣዩ ኳስ ላይ መደበቅ ወይም አለመደበቅ፣ ቡድን ሦስት ለዜሮ ሲመራ ወደ ኋላ መሮጥ ወይም እጅ ወገብ ላይ አድርጎ መቆም፦ እነዚህን ቴሌቪዥን አያሳያቸውም። ካሜራው ኳሷን ይከተላል፤ መልማዩ የሚከተለው ኳስ የሌለውን ሰው ነው። በዚያ ላይ ትዌንቲማን ካርላይልን፣ ባሊሚናንና ሃርትልፑልስን ያውቃል። ከትልቁ ሊግ ውጭ ያለው ኳስ ለእሱ ባዕድ አገር አልነበረም፤ የኖረበት ሰፈሩ ነው። ሊቨርፑል ከእነዚያ ሜዳዎች ተጫዋች ሊያወጣ የቻለው እዚያ ሲሄድ የማይጸየፍ ሰው ስለላከ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ትዌንቲማን ማስታወሻ ደብተር ነበረው። ጋዜጠኛው ሳይመን ሂውዝ በ2009 ያሳተመው መጽሐፍ የተመሠረተው በዚሁ ደብተር ላይ ነው። የተጫዋቹ ስም፣ ክለቡ፣ የታየበት ጨዋታና የመልማዩ አጭር ፍርድ፣ ገጽ በገጽ። ቅኔ የለበትም፤ እንደ መጋዘን መዝገብ ደረቅ ነው። ዐይን ብቻ ቢበቃው ኖሮ ይህ ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገ። የጻፈው የራሱን ዐይን ስላላመነ ነው። ዛሬ በዝናብ ያየውን አጥቂ ከወር በኋላ በደረቅ ሜዳ፣ በሜዳው ያየውን ከሜዳው ውጭ፣ ደካማ ቡድን ላይ ያበራውን ጠንካራ ተከላካይ ፊት ማየት ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያየው የመጀመሪያውን ስሜቱን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል።

የዚህን ነገር ጥቅም ከአላን ሀንሰን የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሀንሰን የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ሊቨርፑል ለሙከራ ጠርቶት አይሆንም ብሎ መልሶታል። በ1977 ይኸው ክለብ ያንኑ ልጅ ከፓርቲክ ቲስል 100 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ገዛው፤ ሀንሰን ስምንት የሊግ ዋንጫና ሦስት የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ አነሣ። ይህን እንደ መሳቂያ የሚያነሡት አሉ፤ በነጻ ማግኘት የሚችሉትን በመቶ ሺህ ገዙት እያሉ። እኔ ደግሞ የክለቡን ክብር የማየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ክለብ አንዴ አይሆንም ያለውን ልጅ ዳግመኛ ማየት ያፍራል፤ ያ ልጅ ኮከብ ከሆነ የትናንቱ ስሕተት ይጋለጣላ! ሊቨርፑል ግን ትናንት የሰጠውን ፍርድ እንደ ሕግ አልያዘውም። የ15 ዓመቱ ሀንሰን ያኔ በእርግጥ አልደረሰ ይሆናል፤ የ21 ዓመቱ ሀንሰን ሌላ ሰው ነው። የዐይን ተአምር ቢሆን ኖሮ በ15 ዓመቱ ይታይ ነበር።

ረሽም ከዚህ አይርቅም። በ1980 ለቼስተር የተከፈለው 300 ሺህ ፓውንድ ገና ሃያ ዓመት ላልሞላው ተጫዋች ከዚያ በፊት ያልተሰማ ገንዘብ ነበር። ልጁ መጣ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ለዋናው ቡድን አንድም ጎል አላገባም። ዛሬ ቢሆን ይህን ዝውውር ማኅበራዊ ሚዲያው በስድስት ሳምንት ቀብሮት ነበር። አሠልጣኙ ቦብ ፔይዝሊ ግን ልጁን በተጠባባቂው ቡድን ውስጥ አቆየው፤ በቀጣዩ ዓመት ረሽ 30 ጎል አገባ፤ በሊቨርፑል ማልያ ያስቆጠረው በድምሩ 346 ደርሶ እስከ ዛሬ የክለቡ ክብረ ወሰን ነው። ግብ ጠባቂው ሬይ ክሌመንስም ከስከንቶርፕ በ1967 ተገዝቶ በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1970 ነው። ሀንሰንንና ረሽን ያየ ሰው አለ፤ ያ ሰው ያየውን አምኖ የሚጠብቅ ክለብም ነበረው። አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማወደስ ትክክል አይደለም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። እንግዲያውስ ምስጋናው ለመልማዩ ሳይሆን ለሻንክሊና ለፔይዝሊ ነው፤ እነሱ ዘንድ የገባ ማንም ቢሆን ተጫዋች ሆኖ ይወጣ ነበር የሚል። ክርክሩ ግማሹን እውነት ይዟል። ኬቨን ኪጋንን እንውሰድ። በ1971 ከስከንቶርፕ በ33 ሺህ ፓውንድ መጣ፤ በመጀመሪያ ጨዋታው ገና በሩብ ሰዓት ውስጥ ጎል አገባ፤ በ1977 በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ለሃምቡርግ ተሸጠና በ1978 እና በ1979 የወርቅ ኳስ ሸላሚዎች የአውሮፓ ምርጥ አሉት። ኪጋንን ማን አገኘው ቢባል የሻንክሊ የቀድሞ ባልደረባ አንዲ ቢቲም ስሙ ይነሣል፤ ትዌንቲማን ብቻውን አላገኘውም። እንደዚሁ በ1970 ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ከአማተሩ ስኬልመርስዴል የመጣውን ስቲቭ ሃይዌይን ከአንድ ሰው በላይ አይቶታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የትዌንቲማንን ዋጋ አያወርደውም። መልማይ የሚባለው አንድ ልጅ ከጫካ አውጥቶ ይኸው የሚል ብቸኛ አዳኝ አይደለም። ከብዙ አፍ የሚመጣውን ወሬ የሚሰበስብ፣ የሚያጣራ፣ በስተመጨረሻም በራሱ ስም ይገዛ ወይም ይቅር የሚል ሰው ነው። ይገዛ ከማለት ይልቅ ይቅር ማለት የሚበዛበት ሥራ ነው፤ ይቅር ያለው ልጅ ደግሞ በታሪክ ውስጥ አይታይም። የሚጎዳውን ዝውውር ያስቀረ መልማይ ሐውልት አይቆምለትም።

ማንም ቢገባ ተጫዋች ይሆን ነበር የሚለው ግማሽ ግን ውኃ አያነሣም። አላን ኤቫንስ በ1968 ከዎልቭስ 100 ሺህ ፓውንድ ተከፍሎበት ሲመጣ በብሪታንያ ውዱ ወጣት ተጫዋች ነበር፤ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ፍራንክ ማክጋርቪ በ1979 ከስኮትላንዱ ሴንት ሚረን ከሩብ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተከፍሎበት መጣ፤ ለዋናው ቡድን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት በዓመቱ ወደ ሴልቲክ ተሸጠ፤ እዚያ ግን ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ቤቱ ያው የሻንክሊና የፔይዝሊ ቤት ነው፤ የገባበት ሁሉ ግን ተጫዋች ሆኖ አልወጣም። እንዲህ ያሉት ግዢዎች በትዌንቲማን ዘመን የተፈጸሙ ናቸው፤ የዐይን ተአምር የሚሉት ሰዎች ለእነዚህ መልስ የላቸውም፤ በልማድና በሥራ የምናምን ግን አለን። ደጋግሞ የሚያይ ሰውም ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ስሕተቱ ከግምቱ ጋር ተጽፎ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ማየቱ ላይ መታረሙ ነው። ትዌንቲማን በቆየባቸው ከ1967 እስከ 1986 ሊቨርፑል ዘጠኝ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ያንን ለአንድ መልማይ መስጠት ድፍረት ይሆናል፤ ለመልማዩ ምንም አለመስጠት ግን ከድፍረትም ያለፈ ነው።

የቤቱን ድርሻ በሌላ በኩል የሚያሳየን መልማዩ ስቲቭ ዎልሽ ነው። ሌስተር ሲቲ በ2016 ሊጉን ሲወስድ የሦስቱ ዕንቁዎች ምልመላ ከስሙ ጋር ተያይዞ ተነገረ፦ ጄሚ ቫርዲ በ2012 ከፍሊትውድ፣ ሪያድ ማህሬዝ በ2014 ከሌ ሃቭር፣ ንጎሎ ካንቴ በ2015 ከካን። በዚያው በጋ ኤቨርተን የእግር ኳስ ዳይሬክተር አድርጎ ወሰደው። ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ አሠልጣኝ ተቀያየረ፤ ዎልሽም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ። ሰውየው በሁለት ዓመት ውስጥ ዐይኑ አልጠፋም። የጠፋው በሌስተር የነበረው ትዕግሥት፣ የሥራ ባልደረቦቹና የተጫዋቹን ጠባይ የሚያውቅ አሠልጣኝ ነው። መልማይን ብቻውን ገዝቶ ውጤቱን ገዛሁ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቁጥር ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሰማውም እሱ ነው። ኮምፒዩተር በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾችን በአንድ ሌሊት ሲመዝን በዝናብ ቆሞ በእርሳስ የሚጽፍ ሽማግሌ ምን ይሠራል? ብሬንትፎርድን ያዩ ሰዎች እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ባለቤቱ ማቲው ቤንሃም ክለቡን በስታቲስቲክስ መራው፤ በ2016 የወጣቶች አካዳሚውን እስከ መዝጋት ደረሰ፤ በ2017 ከአራተኛው እርከን፣ ከኤክሰተር ሲቲ፣ ኦሊ ዋትኪንስን ገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ28 ሚሊዮን ፓውንድ ለአስቶን ቪላ ሸጠው፤ በ2021 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ሊቨርፑልም በ2017 መሐመድ ሳላህን ከሮማ ሲያመጣ በኢያን ግርሃም የሚመራው የጥናት ክፍል ግፊት ትልቅ ቦታ ነበረው። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ዋትኪንስ ከአራተኛው እርከን መጣ፤ ኒልም ከአራተኛው ዲቪዚዮን በ1974 በ66 ሺህ ፓውንድ መጥቶ የአውሮፓን ዋንጫ አራት ጊዜ አነሣ። ከብሬንትፎርድ ኮምፒዩተር በፊት ያንኑ ገበያ ያንኑ በሚመስል ሥርዓት የበረበረ ሰው ነበር። የትዌንቲማን ደብተር ራሱ የቁጥር ዘመን አያት ነው፦ ማንን፣ የት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ፍርድ። ከቁጥር ጋር የሚጣላው የዐይን አፈ ታሪክ እንጂ የመልማዩ ሥራ አይደለም።

ቁጥር የማይደርስበት ቦታ ግን አሁንም አለ፤ እዚያ ላይ ከእኛ ወገን የሆነ ምሳሌ አለ። ገዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ በአሜሪካ ሜሪላንድ ያደገ አማካይ ነው። አርሰናል ያገኘው በታዳጊዎች ውድድር ላይ ነበር፤ ያየውም ዳኒ ካርባሲዩን የተባለ አሜሪካዊ መልማይ ነው። ካርባሲዩን ራሱ በአርሰናል የተጫወተ፣ በ2004 በሊግ ካፕ ማንቸስተር ሲቲ ላይ ጎል ያገባ፣ ጉልበቱ አልሆን ብሎት ገና በወጣትነቱ ጫማውን የሰቀለ ሰው ነው፤ ከኮስታሪካ ጆኤል ካምቤልንም ያመጣ። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ያኔ ስለ ልጆቹ የተጠራቀመ ቁጥር አልነበረም፤ ነበር ቢባልም ያደገ ልጅ ያላደገውን በቁመት የሚበልጥበት ዕድሜ ስለሆነ ያታልላል። ኳስ የሚያውቅ ሰው ዘንድሮም ከርሞም ሄዶ ማየት ነበረበት። ገዲዮን በጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቬንትሪ ላይ ተቀይሮ ሲገባ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ አርሴን ቬንገር አርሰናልን ከያዘ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ ሆነ። ኋላ በ2017 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በዓለም ዋንጫ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ አርሰናልም ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። መልማዩ ተሳሳተ ማለት ነው? አይደለም። መልማይ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ልጅ ዕድል ቢሰጠው የሚያስቆጭ አይሆንም ወይ የሚል ነው፤ ጅማት ላይ ዋስትና አይሰጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ በጋዜጦች ሲነሣ የማየው ግን ጥቂት ነው። የቀድሞ ተጫዋች መልማይ ሲሆን የሚፈልገው ራሱን የሚመስለውን ነው፤ የለመደውን ቁመት፣ የለመደውን ጠባይ፣ የለመደውን መልክ። በሊቨርፑል ዋና ቡድን የተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የከተማዋ ልጅ ሃዋርድ ጌይል ነው፤ ዓመቱ 1980። ቀጣዩ፣ ጆን ባርንስ፣ ከዋትፎርድ የመጣው በ1987 ነው፤ ትዌንቲማን ከሄደ ከአንድ ዓመት በኋላ። ጥቁር ማኅበረሰቧ ከጥንት የሆነች የወደብ ከተማ ክለብ ለዓመታት አውሮፓን ሲገዛ ቡድኑ ያን ያህል በነጮች ብቻ መሞላቱ በአጋጣሚ ሊገለጽ አይችልም። ጥፋቱን በአንድ ሰው ራስ ላይ ማሸከም ተገቢ አይሆንም፤ የእንግሊዝ ኳስ ባጠቃላይ እንደዚያ ነበር። ነገር ግን ዐይን የሚባለው ነገር ምን ያህል የለመደውን ብቻ እንደሚያይ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ቁጥር በዚህ ላይ ይረዳል፤ ቁጥር የቆዳ ቀለም አይጠይቅም፤ ትንሽ ቁመት ያለውን ካንቴንም አይንቅም። ስለዚህም ነው መልማዮች ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ትውልድ ብቻ መውጣት የለባቸውም የምለው። በሜሪላንድ ያደገውን የኢትዮጵያውያን ልጅ ያየው መልማይ እዚያው አገር የተወለደ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ክለቦቹ ዛሬ ምን እያደረጉ ነው? በኦገስት 2020 አርሰናል በወረርሽኙ የገንዘብ ችግር ሰበብ 55 የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያው ለውጥ ከለቀቁት አንዱ ፍራንሲስ ካጊጋኦ ነው። ለንደን የተወለደ፣ በልጅነቱ በአርሰናል ወጣት ቡድን የተጫወተ፣ በመልማይነቱ ከሴስክ ፋብሬጋስ እስከ ጋብሪኤል ማርቲኔሊ በሚዘልቅ ዝርዝር ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። ክለቡ በዚያው የዝውውር ወቅት ለአንድ አማካይ፣ ለቶማስ ፓርቴ፣ 45 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለ። ገንዘቡ ለተጫዋች መዋሉ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰናበተው ቀጣዩን ተጫዋች በርካሽ የሚያገኘው ሰው መሆኑ ነው። በእንግሊዝ ብዙ መልማይ ዛሬም የሚሠራው ለቤንዚንና ለመንገድ በምትከፈለው አበል ነው፤ የአንድ ተጠባባቂ ተጫዋች ሳምንታዊ ደመወዝ በርካታ መልማዮችን ዓመቱን ሙሉ በየሜዳው ማሰማራት ይችላል።

ትዌንቲማን በ1986 ሊቨርፑልን ለቅቆ ሱነስ ወደሚያሠለጥነው ወደ ግላስጎው ሬንጀርስ ሄደ፤ በ2004 ዐረፈ። እሱን የመሰሉትን ማክበር የሚፈልግ ክለብ ማድረግ ያለበት ነገር ውስብስብ አይደለም፦ መልማዮቹን በቋሚ ደመወዝ ይቅጠር፣ ከተለያየ አገርና ወገን ያሰባስብ፣ የቁጥሩን ክፍልና የሜዳውን ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፣ ከሁሉም በላይ ያመጡትን ልጅ ሁለት ዓመት ይጠብቅ። አንባቢም ብትሆኑ የዝውውሩ መስኮት ሲከፈትና አዲስ ስም ሲጠራ ዋጋው ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ማን አየው፣ ስንት ጊዜ አየው ብላችሁ ጠይቁ።